የመቀነቱ ጫፍ

ሳጥኑን የከፈትኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የናፍታሊኑ ሽታ ወጣ፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ መጣ፤ የድሮ ላብ፣ የፀጉር ቅቤና የርካሽ ሽቶ የተቀላቀለበት፣ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ከዱንጉዛ የማይለቅ የመድረክ ሽታ። ዱንጉዛ የኛ የወላይታ ሸማ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ከሩቅ ይጣራል። ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩና እዚያው ቀረሁ። ጉልበቴ አሞኝ አይደለም። ያ ሽታ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄዶ ነው።

ባለቤቴ ታምሩ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ አልተከፈተም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቤታችንን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ታምሩ ቀን ሬዲዮና ቴፕ እየጠገነ፣ ሲመሽ ኪቦርድ እየተጫወተ የኖረ፣ በሶዶ ከተማ የኪነት ቡድን ሰብስቦ የመራ ሰው ነበር። በቤታችን ድምፅ የማያሰማ ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀን ቢሮ ታይፒስት ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ የቡድኑ አልባሳት ኃላፊ። እጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የተተረተረውን እሰፋለሁ፣ ሴቶቹን አለብሳለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህንንም በእጄ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ።

ሳጥኑን ያስከፈተችኝ ዘነበች ናት፤ እኛ ዘኑ እንላታለን። በአንድ ወቅት አገር ያወቃት ዘፋኝ ነበረች። አሁን ወደ አርባ እየተጠጋች ነው፤ ታምሩ በተወላት ክፍል ውስጥ ለልጆች ዘፈንና ጭፈራ ታስተምራለች። በቀብሩ ቀን ወገቤን በጥቁር ነጠላ ያሰረችኝ እሷ ናት። ረቡዕ ዕለት በባጃጅ መጣች፤ አንድ እጅ ሙዝ ይዛለች፤ ሙዙን ጠረጴዛ ላይ ሳታስቀምጥ እንደያዘችው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ለጊፋታ እንድዘፍን ጠየቁኝ። ስታዲየም።»

ጊፋታ የኛ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም ይውላል፤ ያን ቀን ከተማው በሙሉ ሜዳ ላይ ነው።

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስቆዝምሻል?»

«ባዶ አፌን መድረክ ወጥቼ አላውቅማ።»

ጫት ሳልቅም፣ መጠጥ ሳልቀምስ ማለቷ ነው።

«እኛ ጋ ስትጀምሪ ባዶ አፍሽን አልነበር?»

«ያኔማ ምን አውቄ? ያኔ ሰው እንደሚያየኝም አላውቅም ነበር።» ሙዙን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። «እርስዎ መጥተው መቀነቴን ካሰሩልኝ እወጣለሁ። ካልመጡ ግን፣ እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ አውቀዋለሁ።»

የታምሩ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ካዘንኩ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ምን አልሽ? ባሏ ዓመት ሳይሞላው? ጥቁሯን ለብሳ ከበሮ ሥር? ሰው ምን ይላል?»

«ኧረ እትዬ አስካለ፣ ሰውማ ያለውን ሁሉ በእኔ ላይ ብሎ ጨርሷል፤ ለእሳቸው የሚተርፍ ወሬ የለውም።»

እትዬ አስካለ ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «አይ አንቺ! እንደዚያ ከስተሽ ስትመጪ እንኳ አፍሽ ብቻ አልከሳም ነበር።»

ዘኑ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። እኔም በማግስቱ ሳጥኑን ከፈትኩ። መቀነቷ ከሁሉ በታች፣ ተጠቅልሎ፣ እኔ እንዳስቀመጥኩት ነበር።

ያኔ ሶዶ ባጃጅ አልገባባትም። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በእግር ነው፤ እቃ ያለው በጋሪ። የታምሩ ሱቅ መንገዱ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ነበረች፤ በሯ ላይ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ የከተማው ወሬ ሁሉ በሱ ሥር ያልፋል። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም በነበረበት ጊዜ ዋናው ካሴት አስር ብር ነበር፤ ለተማሪ ትልቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሴቶች ልጆች እዚያ ማዕዘን ላይ ሰው የሚጠብቁ መስለው ይቆማሉ። የሚጠብቁት ሰው የለም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ነው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያላት አንዷ ብቻ ከሆነች ለጓደኞቿ በየተራ ታውሳቸዋለች። ከንፈራቸውን ቫዝሊን ይቀቡና በሱቁ መስታወት ያዩታል። ታምሩ ብየዳውን ይዞ ከውስጥ እያየ «የዛሬዎቹ ደግሞ ምን ያምራቸዋል!» ይላል፤ ሳያስተውሉት ዘፈኑን ከመጀመሪያው ይመልስላቸዋል። እኔ እስካሁን ድረስ፣ ዝና የምትፈልግ ሴት ልጅ ሲሰድቡ ስሰማ እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል። ምን ፈለጉ? ከዚያ ማዕዘን ትንሽ ራቅ ብሎ የሚሰማ ድምፅ እንዲኖራቸው ነው የፈለጉት።

ጨርቁን፣ ክሩንና ጨሌውን የምገዛው ቤተሰባቸው ከስልጤ ከመጣ ከአንድ ሐጂ ሱቅ ነበር። ሲለኩልኝ ክንዳቸውን ዘርጋ ያደርጉና «ለአርቲስቶቹ ከሆነ እጨምራለሁ፤ ለባለቤቴ ግን እንዳትነግሪብኝ» ይሉኛል። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ «ሰምቻለሁ!» ትላለች። ዛሬ ሱቁን ልጃቸው ይዞታል፤ በስልክ እያወራ ነው የሚለካው፤ ግን እሱም ይጨምራል።

ዘኑን ያገኘናት ሁምቦ ነው። ሁምቦ ቆላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ተራራው ተራቁቶ ድንጋዩ ፈጦ ነበር፤ ሕዝቡ ችግኝ እንዲተክል ተጠርቶ እኛም ሥራውን እንድናደምቅ በጭነት መኪና ተወሰድን። ታምሩ ኪቦርዱን ከኮረብታው ሥር ተከለ፤ ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ዘፈኑ ተጀመረ። ከላይ በተርታ የሚተክሉት ሴቶች ግን የሚቀበሉት ሌላ ዘፈን ነው። አንዲት ቀጭን ድምፅ ከላይ ታወርዳለች፤ ተራራው በሙሉ ይመልስላታል። ታምሩ ድምፁን ጨመረ፤ እሷም ጨመረች፤ ለእልህ ግን አልነበረም፤ መኖራችንን እንኳ አላወቀችም።

«ሙሉ፣ ይቺ የምታሸንፈን ማናት?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ኪቦርዱን አጠፋው። በሕይወቱ ዘፈን መሀል ሲያጠፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የምትለው በወላይትኛ ነበር፤ በአማርኛ ስመልሰው ውበቱ ይጎድላል። ተራራው ዕርቃኑን ቆሟል፤ ብርድ ሳይሆን ሐፍረት ይዞታል፤ ልብስ ስፉለት፣ መቀነቱንም አትርሱ ትላለች። ጨርሳ ስትወርድ እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ብትሆን ነው።

«ዘፈን ማን አስተማረሽ?» አላት ታምሩ።

«ማንም። ሥራው ነው የሚያዘፍነኝ።»

«ሶዶ መጥተሽ ከኛ ጋር ትዘፍኛለሽ?»

ማይኩን በአገጯ አሳየችው። «በዚያች ብረት? ያለሷም ሰው ይሰማኛል እኮ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ታምሩም ሳቀ፤ እኔ ግን ወገቧን ነበር የማየው። አልባሳት የያዘ ሰው ዓይኑ እንደዚያ ነው።

አባቷ አቶ ላሌ በቆሎና ጥቂት ከብት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። ሁለት ጊዜ እምቢ አሉን። በሦስተኛው ታምሩን ከደጃቸው ዛፍ ሥር አስቀምጠው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ ድምፅ እንዳላት ከእናንተ በፊት አውቃለሁ። ድምፅ ግን ሰው ይጠራል። የሚመጣውን ሰው ሁሉ እኔ አላውቀውም። አደራ ብዬሃለሁ። እንደ ወሰድካት መልሳት።» ታምሩ ተነስቶ ቆመና አደራውን ተቀበለ።

በቡድናችን አንድ ልማድ ነበር። አዲስ ሴት ስትገባ መቀነቷ በራሷ ወገብ ተለክቶ ይቆረጣል፤ ከሌላ ተውሳ አታስርም። የወላይታ ጭፈራ ወገብ ላይ ነው ያለው፤ መቀነቱ ነው ለተመልካች የሚናገረው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ከኋላ ይቋጠርና ጫፉ ከዳሌ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ከረዘመ እግር ይጠልፋል፤ ካጠረ የወገቡ ነገር አይታይም። ራሷ ያሰረችው ደግሞ መሀል ላይ ይፈታባታል። ስለዚህ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ሌላ ሰው ያስርላታል። ያ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ። ብዙ ሴቶች በእጄ አልፈዋል። ስለ ፍቅራቸው የነገሩኝ በዚያች ቅጽበት ነው፤ እጃቸውን አንስተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

የዘኑን የቆረጥኩት ከዚያው ከሐጂ ሱቅ ከገዛሁት ጨርቅ ነው። ልጅቷ ለሥራ የተፈጠረች ነበረች። ሌሎቹ ከልምምድ ሲወጡ እሷ ታምሩ ሱቅ ገብታ አንዱን ካሴት ወደ ኋላ እያዞረች ዘፋኟ የት ላይ እንደምትተነፍስ ትሰማለች። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ትንፋሿን ሰርቃለች» ትለኛለች፣ ሌባ እንደያዘ ሰው ደስ ብሏት፤ ስንኙ ሳያልቅ ተንፍሳለች ማለቷ ነው። ማንበብ የቻለችውን ያህል የካሴት ሽፋን ሁሉ ታነባለች። የቅርብ ጓደኛዋ ትዕግሥት የምትባል የከተማው ተወላጅ ተወዛዋዥ ነበረች፤ ቀይ፣ ሳቂታ፣ ከቁመቷ የተነሳ ባለ ተረከዝ ጫማ የማያስፈልጋት። ሁለቱ ሲቆሙ አንዷ ድምፅ አንዷ ወገብ ነበሩ። ሰርግ ቤት ሲገቡ ሙሽራይቱ እንኳ እነሱን ለማየት አንገቷን ታሰግጋለች።

በአንድ የጊፋታ በዓል ከአዲስ አበባ የመጣ የባህል ምሽት ቤት ባለቤት አያቸው፤ ከበዓሉ በኋላ ሁለቱንም ወሰዳቸው። አቶ ላሌ ተጠይቀው ነበር፤ «አደራው እንዳለ ነው» ብቻ አሉ፤ ታምሩን እያዩ። እኔ መቀነታቸውን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። መናኸሪያው ውስጥ ዘኑ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ «እትዬ፣ ማን ያስርልኛል?» ብላ ጮኸች። «ትዕግሥት!» አልኳት። «እሷማ ታንቀኛለች!» ብላ ሳቀች፤ አውቶቡሱ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቃል። የዘፈኗ ክሊፕ በሲዲ ወጣ፤ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይዞራል። የሚኒባስ ረዳቶች ከቦዲቲ እስከ ሶዶ እሷን ይዘፍናሉ። የሶዶ ልጆች ፀጉራቸውን እሷ እንደምትሠራው ይሠሩ ጀመር፤ ፀጉር ቤቶቹ ፎቶዋን ከጋዜጣ ቆርጠው ለጠፉ። ታምሩ ክሊፑን ሲያይ ፊቷን አይደለም የሚያየው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሿን ነው የሚሰማው። «አሁንም አትሰርቅም» ይላል። እኔ ደግሞ በዱንጉዛው እኮራለሁ። ያን ሸማ ከገጠር ሰው በቀር የማይለብሰው መስሏቸው የሚያፍሩ የቢሮ ጓደኞቼ፣ ዘኑ ከለበሰችው ወዲህ ለልጆቻቸው ሰርግ አሠሩት። አንዲት የሁምቦ ልጅ ይህን አድርጋለች። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ይህን አይሰርዘውም፤ ለዚያ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ለጊፋታ እንድትዘፍን ተጠርታ መጣች። ጥቁር መነጽር፣ ጠባብ ጂንስ፣ ከአንገቷ የማይወርድ ስካርፍ። ሴቱ ሁሉ «ምነው እንዲህ አማረባት! ሸንቀጥ ብላለች፤ ከተሜ ሆናለች» ይላል። እናቷ እንኳ ደስ አላቸው፤ ቅጥነቷ ከነመነጽሩ ከአዲስ አበባ የተገዛ መሰላቸው። ቆላ ላይ በድርቅ የከሳ ሰው ያየ ሕዝብ የከተማ ክሳት ሌላ ነገር ይመስለዋል። ከመድረኩ ጀርባ መነጽሯን አወለቀች፤ እጇን አነሳች፤ አሰርኳት። ሁለቴ ዞርኩ፤ ቋጠርኩ፤ ለቀቅሁት። የመቀነቱ ጫፍ ወርዶ ወርዶ ከጉልበቷ በታች ቆመ።

«ዘኑ፣ ጫፉ ወርዷል» አልኳት።

«ዳይት ነው እትዬ። አዲስ አበባ ወፍራም ዘፋኝ አይፈልጉም።»

«ዳይት ጥርስ አያበልዝም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ እንደ ድሮው፣ እጇን ሳታወርድ ነገረችኝ። «እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንሠራው። ለመንቃት እቅማለሁ። ምርቃናው አላስተኛኝ ሲል ጨብሲ እጠጣለሁ፤ ካልሰበርኩት እንቅልፍ የለም። በማግስቱ ለመነሳት ደግሞ እቅማለሁ። ሁላችንም እንደዚህ ነን እትዬ፤ አሳላፊዎቹም፣ ከበሮ መቺውም። እኔ ብቻ አይደለሁም።»

«ትዕግሥትስ?»

«ትዕግሥት ከኔ ትብሳለች።»

ተጨማሪ ዙር አዞርኩላት፤ ጫፉ ቦታው ገባ፤ ማንም አላየም። ወጥታ ዘፈነች። እውነቱን ልጻፍ፤ እንደዚያ ቀን የዘፈነ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያ ቅጠልና ያ ጠርሙስ ነው ያዘፈናት የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። ሁምቦ ተራራ ላይ ምን ጠጥታ ነበር? ድምፁ የራሷ ነው፤ እነሱ የበሉት ሥጋዋን ነው። ታምሩ ስነግረው ሌላ ነገር አላለኝም፤ «መሄዷን አልከለክላትም፤ እንድትመለስ ግን መንገዱን ክፍት አድርጌ እጠብቃለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ከሱቁ ይደውልላታል። አንዳንዴ ታነሳለች። አንዳንዴ ስልኩ ሲጠራ ይቆይና ይዘጋል፤ እሱ ግን እጀታውን ወዲያው አያስቀምጥም።

ትዕግሥት በአንድ ክረምት ሞተች። ጉበቷ ነው አሉ። አስከሬኗ ሶዶ መጥቶ ተቀበረ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ የማያስፈልጋት ልጅ በሣጥን ውስጥ አጥራ ታየችኝ። ዘኑ ለቀብሩ አልመጣችም። ታምሩ ከቀብር ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ትንሽ ገንዘብ ከመሳቢያ ወሰደ፤ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ።

ያገኛት በተከራየችው ክፍል ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መጋረጃ ዘግታ ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ጮሆ እንደሚቆጣት ጠብቃ ግድግዳውን ተጠግታ ነበር። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ አቧራውን ከጫማው አራገፈ።

«ልጆች ሰብስቤያለሁ» አላት። «ሴቶች ናቸው፤ ድምፅ አላቸው፤ የት እንደሚተነፍሱ የሚያሳያቸው የለም። ትምህርታቸው ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጡት።»

«ከሰዓት በኋላ? ጋሼ፣ እሱ እኮ የጫት ሰዓት ነው።»

«ለዚያ ነው የመረጥኩት።»

በመጀመሪያ ዱቦ ሆስፒታል ተኛች። ዱቦ ለኛ ቅርብ ነው፤ በሚኒባስ ሄደን የቀረውን በእግር እንገባለን። እኔ የተቀቀለ ቦዬ፣ የኛን ሥራሥር፣ ከዳታ በርበሬ ጋር እወስድላታለሁ፤ ባትበላውም የሽታው ነገር አለ። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንድ ቀን ቁልፏን ስቆልፍላት «እትዬ፣ እንደ ድሮው እያለበሱኝ ነው» አለች፤ ሁለታችንም አለቀስን። ስትወጣ ድምፅዋ ተሰንጥቆ ነበር፤ መቀነቷንም መልሳ ስለሰጠችኝ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ግን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ነበሩ። ታምሩ እውነትም ሰብስቧቸው ነበር፤ ሱቁን ለሁለት ከፍሎ ጀርባውን ለነሱ ሰጠ። ሲመሽ፣ የመጠጡ ሰዓት ሲመጣ ደግሞ እራቷ እኛ ቤት ነው፤ ሳትበላ አንለቃትም።

ቀጥ ብላ ዳነች አልልም። ወድቃለች፤ ከአንድ ጊዜ በላይ። አንድ ቀን አፏ አረቄ እየሸተተ፣ አንድ ጫማዋን ይዛ መጣች። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ታምሩ ግን ውሃ በጣሳ አቀረበላትና «ፊትሽን ታጠቢ፤ ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው» አላት። ታጥባ ገባች። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማናል፤ «እዚህ ጋ ተንፍሺ፤ አትስረቂ» ትላለች። በከተማው መሀል ስታልፍ «ያቺ ዘፋኟ» ብለው በጣት ይጠቋቆሙባታል፤ ድሮ እንድትፈርምላቸው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። እሷ ቀና ብላ በጠራራ ፀሐይ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። መድረክ ላይ ስንት ጊዜ አጨብጭቤላታለሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ ያጨበጨበላት ግን የለም። በልቤ የማጨበጭበው ለዚያ ነው።

አቶ ላሌ ከማረፋቸው በፊት ሊያይዋት መጡ። ልጆቹን ስታስተምር በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ሲሄዱ ታምሩን ትከሻውን ይዘው «ትንሽ አስረጀሃት እንጂ መልሰሃል» አሉት።

ይኸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልፎ፣ መድረክ ሳትወጣ ስንት ጊፋታ አልፎ፣ ዘንድሮ ጠሯት። ሦስት ቀን ሳጥኑን ከፍቼ እዘጋለሁ። ታምሩ ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ያ ነው የከበደኝ። እኔ ከቤት ወጥቼ ደስታ ያለበት ቦታ ከቆምኩ እሱን ትቼው የምሄድ ይመስለኛል። ደግሞም አደራውን የተቀበለው እሱ ነው፤ ዛፉ ሥር ተነስቼ ቃል የገባሁት እኔ አይደለሁም። ግን ደግሞ መቀነቱ ከማን ሳጥን ነው የወጣው?

የበዓሉ ዕለት ጠዋት እትዬ አስካለ ከእኔ ቀድማ ለብሳ አገኘኋት። ሙቹዋ በመሶብ ይዛለች፤ ለጊፋታ ከእንሰት በቅቤ የሚሠራው ምግባችን ነው።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ከአንቺ ጋር ነዋ። ሰው ካየን ግን እኔ እየከለከልኩሽ እንደሆነ አስመስይ።»

ስታዲየሙ ዱንጉዛ ብቻ ሆኗል፤ «ዮዮ ጊፋታ!» ይባባላል ሰው ሁሉ፤ የዳሞታ ተራራ ጉም ራሱ ላይ አስሮ ከላይ ያያል። እኔ በጥቁሬ በመሀላቸው ሳልፍ መንገድ ለቀቁልኝ። ከመድረኩ ጀርባ በሸራ የተከለለ ቦታ ነበር። ዘኑ ቀሚሷን ለብሳ ጥግ ቆማለች። ያስተማረቻቸው ልጆች በተርታ ቆመው ያዩዋታል። ከሙዚቀኞቹ አንዱ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ቀረባት። ውሃ አልነበረም፤ ሽታው እኔ ጋ ደረሰ።

«ዘኑዬ፣ ለድፍረት ነው። አንድ ጉንጭ። እኔ ሰጠሁሽ ግን አትበይ።» ክፋት አልነበረውም ልጁ። የሚያውቀው መድኃኒት እሱ ብቻ ነው።

ዘኑ ጠርሙሱን አየችው። እጇ ተንቀሳቀሰ፤ እኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየችኝ፤ መቀነቱን ይዣለሁ።

ምክር አልመጣልኝም። ታምሩ ቢሆን የሚለው ነገር ይኖረው ነበር። እኔ የማውቀውን ብቻ አልኩ።

«ዙሪ። እጅሽን አንሺ።»

ዞረች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። እጇን ያነሳ ሰው ጠርሙስ አይቀበልም። ቀስ ብዬ አሰርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ አላሰርኩም። አንድ ዙር፤ ጨርቁን አስተካከልኩ፤ ሁለተኛ ዙር፤ ቋጠርኩ፤ ፈታሁ፤ እንደገና ቋጠርኩ። ትንፋሿ እስኪረጋ እጄ ሥር ይሰማኛል። ልጁ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ከበሮው ሲጠራ ጠርሙሱን ይዞ ሄደ።

«የት ላይ ነው ጫፉ?» አለች ግድግዳ በሌለበት ወደ ሸራው እያየች።

«ቦታው ላይ ነው።»

እጇን አወረደች፤ ዞረች። ከላይ ስሟን እየጠሩ ነው። እሷ ግን ወገቤን ታያለች።

«አሁን እርስዎ እጅዎን ያንሱ።»

«ኧረ ሂጂ፤ ይጠሩሻል!»

«ያንሱ።»

አነሳሁ። በቀብሩ ቀን ያሰረችልኝን ጥቁር ነጠላ ፈታች፤ እንደዚያን ቀን ሁለቴ አዞረችው፤ ቋጠረችው፤ ለቀቀችው። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። ያን ቀን ከዳሌዬ ሥር የቆመው ጫፍ ጉልበቴን አልፎ ወርዷል።

«እትዬ፣ ጫፉ ወርዷል።»

«የፍልሰታ ጾም ነው» አልኳት።

«ፍልሰታ ካለፈ ወር ሆነው።»

እትዬ አስካለ ከኋላዬ «እኔ ስነግራት አትሰማኝም! ሌማቱን እንዳቀረብኩት ነው የማነሳው!» አለች።

ዘኑ መሶቡን ከፈተችና ሙቹዋውን በእጇ ቆረሰች። ስሟ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ፤ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። «ካልጎረሱ አልወጣም» አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃቱ የለም፤ ሐሳቧ ወደ እኔ ተሻግሯል መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ የሥራ ሰው ጉርሻ። ጣቷን በቀሚሷ ሳትጠርግ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

ኪቦርዱ ሳይጀምር፣ ማይኩን ሳትጠጋ፣ ያን የሁምቦውን ዘፈን ከላይ አወረደችው። ድምፅዋ ትንሽ ሻካራ ሆኗል፤ ግን ትንፋሿን አልሰረቀችም። ከሸራው ወዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ ተራራው መለሰላት። ከቀብሩ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ዘፈን ነው። ታምሩን ፈለግሁት፣ ኪቦርዱ ያለበትን ጎን፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆምበትን። ማልቀስ ነበረብኝ። አፌ ግን ሙሉ ነበርና አላመጥኩ።